የቅዳሜዋ ክኒን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቢራ ነው። «ነርሷን ደግሞ ምን ነካት?» እንዳትሉኝ፤ መጨረሻው ክኒን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ልጃችንን ልናርስ ወደ አሜሪካ ሄደን ነበር። የምትኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው። አካባቢው ሐበሻ የበዛበት ስለሆነ እንጀራውም በርበሬውም አልጠፋብንም። ገንፎ ማገንፋቱ፣ ሕፃኑን ማጠቡ፣ ሌሊት መነሳቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ባለቤቴ ግን ሥራ ፈቱ። ቴሌቪዥኑ ሰለቻቸው፤ መስኮቱ ላይ ቆመው መንገድ ሲያዩ ይውሉ ጀመር። ይህን ያየው አማቻችን አንድ ቅዳሜ «ዛሬ ሕፃኑን እኛ እንይዛለን፤ እናንተ ወጣ ብላችሁ ተናፈሱ» አለንና አንድ ቢራ የሚጠመቅበት ቤት አድርሶን ተመለሰ።

ቢራ ፋብሪካ ሲባል እኔ የማውቀው ትልቅ አጥር ያለውን፣ የጭነት መኪና የሚመላለስበትን ግቢ ነው። እዚያ ግን ትንንሽ ጠማቂዎች ሞልተዋል። ያደረሰን ቦታ ፖርት ሲቲ ይባላል፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ ነው። የሚያብረቀርቁት የብረት ጋኖች እዚያው ቆመዋል፤ ከአጠገባቸው ሰው ተቀምጦ ይቀምሳል። ባልና ሚስቱ ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ ይመጣሉ።

የአቀማመሱ ሥርዓት ደስ ይላል። አራት ትንንሽ ብርጭቆ በእንጨት ላይ ተደርድሮ ይቀርባል፤ ከቀላሉ ተጀምሮ በጥቁሩ ይጨረሳል። ከስንዴ የተጠመቀ አንድ ነጣ ያለ ቢራ ነበራቸው፤ ድንብላል፣ የብርቱካን ልጣጭና የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ቅመም ገብቶበታል። ባለቤቴ አሽትተው «ይሄማ ከእኛ ጓዳ ነው የወጣው» አሉ። ጥቁሩን ሲቀምሱ ግን ዝም አሉ። ለጥቁሩ ቢራ ብቅሉ ጠቆር እስኪል ይቆላል፤ ምሬቱን ደግሞ ጌሾ ለጠላ እንደሚሰጠው ሁሉ ሆፕ የሚባል ተክል ይሰጠዋል። ቆይተው «የእናቴ ጠላ» አሉ። እናታቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእኛ ቀን ሆነ። ሌሎችንም ጠማቂዎች አየን፤ ወንዙን ተሻግረን ዋሽንግተን ድረስም ሄድን። የጡረተኛ መምህር አመል አይለቅምና ባለቤቴ ደብተር ገዝተው ለየቢራው ከ10 ማርክ ይሰጡ ጀመር። ለጥቁሩ 9 ሰጡት። «10ስ?» ብላቸው «10 የእናቴ ነው» አሉኝ። ከጡረታ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር።

እኔም በልማዴ ሒሳብ መሥራቴ አልቀረም። አንዷ ብርጭቆ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ትይዛለች፤ አራቱ 480 ይሆናሉ። ከአንድ ጠርሙስ ትንሽ የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን የኛ የተለመደው ቢራ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ያ ጥቁሩ 7.2 በመቶ ነበር። አራቱም ብርጭቆ እንደ ጥቁሩ ጠንካራ ቢሆን አንድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ቢራ ጠጣ ማለት ነው፤ «ቀመስኩ እንጂ አልጠጣሁም» እያለ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚቀንስ ያው መጠን ይበልጥ ይጠነክርብናል። ስለዚህ አንዱን ትዕዛዝ ለሁለት እንካፈል ነበር። በጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር እላችኋለሁ።

በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ልብስ ላጥብ ብዬ የባለቤቴን ኮት ኪስ ስፈትሽ የተጠቀለለ ሶፍት አገኘሁ። ስፈታው ስድስት ነጫጭ ክኒኖች ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ነበር።

ሳጥኑን በየሳምንቱ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ባዶ ሆኖ ስለማገኘው ወስደዋል ብዬ አምናለሁ። ግፊታቸውንም እለካለሁ፤ ግን የምለካው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ወዲያው መለኪያውን አምጥቼ ለካሁ፤ 168 በ96። ሐሙስ ዕለት 134 በ82 ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው፣ ሶፍቱን ዘርግቼ።

እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አቀረቀሩ። «ቢራ የምንቀምስ ቀን አልወስደውም። እሑድም ከሆዴ እስኪወጣ ብዬ እተወዋለሁ።»

«ለምን?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ‘መድኃኒትና መጠጥ አይስማማም’ እያልሽ የኖርሽው?»

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ለስንቱ ታካሚ «ይህን እየወሰድክ መጠጥ እንዳትቀምስ» ብያለሁ! ስንቱ ይሆን ቃሌን አክብሮ፣ መጠጡን ሳይሆን መድኃኒቱን የተወው? እኔ «መጠጡን ተው» ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ሰሚው ግን «ሁለቱን አንድ ቀን አታድርግ» ብሎ ነው የሰማው።

አዲስ አበባ ላሉት ሐኪማቸው ደወልን። የነገሩን ግልጽ ነው፦ የግፊት ክኒን በቢራ ምክንያት አይቋረጥም። መጠጥ ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ላይ ክኒኑ ከቀረ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ክኒኑ ተወስዶ ሲጠጣ ደግሞ ብድግ ሲሉ ራስ ሊያዞርና ሊጥል ስለሚችል መጠኑ ትንሽ፣ ከምግብ ጋር፣ ቀስ ተብሎ መሆን አለበት። ግፊቱ እስኪስተካከል ድረስ ግን ቢራው ይቅር አሉ።

ባለቤቴ ለአንድ ወር ተዉ። ጠዋት ጠዋት እንደ ቲቢ ታካሚ ፊቴ ቆመው ይውጡ ጀመር። ግፊቱም ተመለሰ። ልንመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረን ክኒናቸውን በጠዋት ወስደው፣ ምሳ በልተን፣ ያችን ጥቁር ቢራ አንዷን ትንሽ ብርጭቆ ለሁለት ተካፍለን ተሰናበትናት።

መጠጥ የማይቀምስ አንባቢ ይህን አንብቦ እንዳይጀምር አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) እንደገለጸው ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ጨርሶ ከመጠጥ ጋር የማይሄዱ መድኃኒቶችም አሉ፦ ሜትሮኒዳዞል፣ የቲቢ መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ክኒን። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱና ለስኳር እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጡም ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይቅመሱ። ከመድኃኒቱና ከመጠጡ አንዱ መቅረት ካለበት የሚቀረው መጠጡ ነው።

ከተመለስን ወዲህ በየማኅበሩና በየድግሱ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። «ዛሬ ክኒኔን ትቻለሁ፤ እስቲ አንድ ጠላ ቅጂልኝ» የሚል ሰው አላጣም። ለቢራው መጠኑ ተጽፎበታል፤ ጠላው ግን ይክበድ ይቅለል የምታውቀው ጠማቂዋ ብቻ ናት።

ስለዚህ ልጆች፣ አባታችሁን «ክኒንዎን ይወስዳሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ይሏችኋል፤ አልዋሹምም። «አባዬ፣ በበዓል ቀንስ ክኒኑን እንዴት ያደርጉታል?» በሏቸው። ሲነግሯችሁም አትቆጡ። እኔ ያን እሑድ ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ ክኒኑ ከኮት ኪስ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ነበር እንጂ ወደ ሆድ አይገባም ነበር።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።