የጀማሪ አስተማሪ ፍርሃት

ሰው አዲስ ሥራ በያዘ ጊዜ ልቡ መፍራቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከሌላው ሥራ ይልቅ የሕፃናት አስተማሪነት ጀማሪውን ያስጨንቀዋል። ጸሓፊ ቢሳሳት ወረቀቱን ቀዶ ሌላ ይጽፋል፤ አናጢም ሳንቃው ቢበላሽበት በሌላ ይተካዋል፤ አስተማሪ ግን የሚሠራው በሕፃን ልቡና ላይ ስለ ኾነ ስሕተቱ ኹሉ የማይፋቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ይህ ፍርሃት ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚሸነፍ በዛሬው ጽሑፋችን ልንናገር አሰብን። ጕዳዩም ለአስተማሪዎች ብቻ ሳይኾን ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለሚልኩ አባቶችና እናቶች የሚገባ ነው።

በመቀሌ ከተማ የቃላሚኖን ስም የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስበው የትግራይ ልማት ማኅበር ያቋቋመውን ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ወደዚያ የሚገቡት በፈተና የተመረጡ ተማሪዎች ናቸውና ልጁ በዚያ እንዲገባለት የሚመኝ ወላጅ ብዙ ነው። ነገር ግን የተመረጠው ልጅ ኹሉ አስቀድሞ በአንዲት ትንሽ ክፍል ተቀምጦ ሀ ሁን የቈጠረ ነው፤ ያስቈጠረችውም አስተማሪ ምናልባት በዚያ ዓመት ሥራ የጀመረች፥ ጠመኔው በእጇ ይንቀጠቀጥ የነበረች ትኾናለች። የላይኛውን ፍሬ ስናመሰግን ሥሩን ያጠጣችውን እጅ መርሳት አይገባንም።

በትግራይ ይህ ፍርሃት ከሌላው አገር ይልቅ የከበደበት ምክንያት አለ። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ ቀጥሎም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። የፕሪቶርያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፥ በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ይከፈቱ ጀመር። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረው ልጅ ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ኾኖት ነበር።

እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት ከዓድዋ ወይም ከዓቢይ ዓዲ የመምህራን ኮሌጅ ትምህርቷን ጨርሳ፥ ሦስት ዓመት ጠመኔ ሳትይዝ ቈይታ፥ በዚያ ጊዜ በቃላሚኖ አካባቢ አንደኛ ክፍል የተሰጣትን አንዲት ወጣት እናስብ። የሰባት ዓመቱና የዐሥር ዓመቱ ልጅ ባንድ ወንበር ተቀምጠዋል። ለአርባ ደቂቃ ያዘጋጀችው ትምህርት በዐሥር ደቂቃ አለቀባት፤ ክፍሉም ተንጫጫ። ትልቁ ልጅ ከሕፃናት ጋራ ፊደል መቍጠር ስላሳፈረው አንገቱን ደፋ። እርሷም ማታ ከቤቷ ገብታ፥ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም፤ ይህ ልጅ የጠፋ እንደ ኾነ በእኔ ነው» ትላለች።

ይህ አሳብ የስንፍና ምልክት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 አኒታ ዉልፎክ ሆይና ሮንዳ በርክ ስፔሮ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፥ የጀማሪ አስተማሪዎች በራስ መታመን በሥልጠና ጊዜ ከፍ ብሎ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል፤ የመውረዱም ነገር ካገኙት ድጋፍ ጋራ የተያያዘ ኾኖ ተገኝቷል። ከዚያም አስቀድሞ አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1977 ሲጽፍ፥ ሰው በችሎታው መታመንን የሚያገኘው ከአራት ነገሮች መኾኑን ገለጠ፤ ይኸውም ራሱ ሠርቶ ከማየት፥ እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲሠራ ከመመልከት፥ ከሚያምነው ሰው የማበረታቻ ቃል፥ ከሰውነቱና ከመንፈሱም ኹኔታ ነው። ከኹሉ የሚበረታው ፊተኛው ነው። እንግዲህ ድፍረት እስኪመጣ የሚጠብቅ አስተማሪ ብዙ ይጠብቃል፤ ሥራው ይቀድማል፥ ድፍረቱ ይከተላል።

ስለዚህ ያች ወጣት ዓመቱን በሙሉ በአንድ ቀን ልትሸከም አይገባትም። ለነገ ጥቂት ፊደላት ትምረጥ፤ ማን እንደ ለየ፥ ማን እንዳልለየ በደብተሯ ትጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ስትገልጥ የሠራችው ከፍርሃቷ ይልቅ ይናገራል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። ያንን የሚያፍረውን ልጅ ደግሞ ለብቻው ጠርታ ታስጠናው፤ በማግስቱ ፊደሉን በሰሌዳ ላይ እያመለከተ ታናናሾቹን ያስቈጥር። እፍረቱ ወደ ክብር ይለወጣል።

ይህም ዘዴ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን የሚያስቈጥረው የኔታ እየሰሙ ነው፤ ቢሳሳት ያቃኑታል። ማስተማርን የሚለማመደው ብቻውን ተጥሎ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴርም በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ አዲስ አስተማሪ ሁለት ዓመት በነባር አስተማሪ እየተመራ ሥራውን እንዲለምድ ደንግጓል። ይህ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ርእሰ መምህሩ ሊተጋ ይገባዋል፤ ከባዱንም ክፍል ለአዲሱ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ነባሮቹ አስተማሪዎች በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ወር ያለ ደመወዝ የኖሩ መኾናቸውን አንዘነጋም። መልካም ቃል የደመወዝ ምትክ ሊኾን አይችልም። ቢኾንም ያንን ችለው ወደ ክፍላቸው የተመለሱት ሰዎች ለጀማሪዋ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት አላቸውና ሳታፍር ትጠይቃቸው።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ልጅ በሚሰማበት ስፍራ፥ «ይህች ገና ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች?» ማለት በማግስቱ በክፍሏ የምትናገረውን ቃል አስቀድሞ መስበር ነው። የማይወደድ ነገር ያየ ወላጅ ራሱ ሄዶ ለብቻዋ በአክብሮት ይንገራት። የገዛ ቤተ ሰቧም ማታ ስትገባ፥ «ዛሬ የትኛው ልጅ አነበበ?» ብሎ ቢጠይቃት፥ የጐደለውን ብቻ ከመቍጠር ይመልሳታል።

ፍርሃት ኹሉ ክፉ አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ ትምህርቱን የሚያዘጋጅ ፍርሃት የትጋት ወንድም ነው፤ ከሕፃናት ፊት የሚያሸሽ ፍርሃት ግን ጠላት ነው። አስተማሪዪቱ ሁለቱን ለይታ የፊተኛውን ትያዝ፤ ኹለተኛውን እኛ በዙሪያዋ ያለን ኹሉ እናርቅላት። ትምህርት በተቋረጠበት ዘመን ሦስት ዓመት ያጣ ልጅ፥ ተስፋ ቈርጣ የምትሄድ አስተማሪ ደግሞ ልትጨመርበት አይገባም።