ትዕግሥት የሚበላው ቀለብ

በአገራችን ትዳር በፈረሰ ማግሥት ለእናቲቱ የሚለገሰው ምክር «ታገሺ» የሚል ነው። ቀለብ እንዲቆርጥ የተፈረደበት አባት ክፍያውን ሲያቋርጥም ሽማግሌው ይህንኑ ይደግማል። እኔ ግን ይህ ምክር ልጅን ያስርባል እላለሁ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ለትዕግሥት ዋጋ አይሰጥም። መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ያልተወሰደ ወይም ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለተቀባዩ ኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ቀሪ ይሆናል። የማስረዳቱ ሸክም በማን ጫንቃ እንደሚያርፍ አንባቢ ይገምት!

ደንቡ ለአዋቂ ቀለብ ጠያቂ ያስኬድ ይሆናል። የአራት ዓመት ሕፃን ግን እናቱ ስለታገሠች ለምን ይቀጣል? ሕግ አውጪው ሕፃናትን ከዚህ ድንጋጌ ነጥሎ ሊያወጣቸው ይገባል።

እስከዚያው እናቶች (ልጅ የሚያሳድጉ አባቶችም ጭምር) ክፍያው በተቋረጠበት በመጀመሪያው ወር የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። ገበያው ሲወደድም ዝም አይበሉ፤ ቀለብ የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ልክ ነውና፣ ሁኔታው ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።