ሦስት ዓመት ዶላር የማይላክበት ትምህርት

«ፊዚዮቴራፒ ልትማር ነው» ብላችሁ ለዘመድ ብትናገሩ ከሁለት ጥያቄ አንዱ አይቀርላችሁም። አንዱ «ማሳጅ ማለት ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለወጌሻነት አሜሪካ ድረስ?» ይላል። በማርኬቲንግ ሠራተኛ ዓይን ካየሁት፣ ራሱን በደንብ ያላስተዋወቀ ሙያ ነው። በእኛ ቤት ግን ወሬው ከስም አልፏል፤ ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የፊዚካል ቴራፒ ዶክትሬት መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የዚህ ወር ጽሑፌ እዚያ ሆናችሁ ለመማር ለምታስቡም፣ እዚህ ሆናችሁ የእነሱን እጅ ለምትጠብቁም ነው። ለሁለተኞቹ ትንሽ ያደላል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፣ የተሰበረውን ያስራል። ፊዚካል ቴራፒስት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስትሮክ የመታው አባት እንደገና ማንኪያ እንዲይዝ፣ የጉልበት መገጣጠሚያዋ የተቀየረላት እናት ደረጃ እንድትወጣ፣ አንገቱን መያዝ ያቃተው ሕፃን እንዲቀመጥ ያለማምዳል። በእጁም ያክማል፤ ዋናው መድኃኒቱ ግን እንቅስቃሴ ነው። «ዶክተር» የሚለው ማዕረግም ቀዶ ሕክምና ይሠራል ማለት አይደለም። እናቴ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ማለት ከጀመረች ወዲህ አንድ ጎረቤታችን የስኳር መድኃኒታቸውን ካርቶን ይዘው መጥተው «ፎቶ አንስተህ ላክላትና ትየው» ብለውኛል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሙያ ለመጀመር ዛሬ የሚጠየቀው ዶክትሬት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ፊዚካል ቴራፒስት የሚያስመርቁት በዚህ ደረጃ ብቻ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ደስ የሚለው፣ የመጀመሪያው ዲግሪ በየትኛውም መስክ ሊሆን መቻሉ ነው፤ እህቴ እዚህ የተመረቀችው በአካውንቲንግ ነው። ግን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ስታትስቲክስና ሳይኮሎጂ ቀድመው መወሰድ አለባቸው። ቀን እየሠራች ማታ ማታ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እነዚህን ስትጨርስ ሁለት ዓመት ተኩል ሄዷል። ስለዚህ «ሦስት ዓመት ነው» ሲሏችሁ፣ ከየት ጀምሮ ብላችሁ ጠይቁ።

ትምህርቱ ከባድ ነው። አናቶሚ የሚማሩት በአስከሬን ላይ ጡንቻና ነርቭን አንድ በአንድ እየለዩ ነው። ከፈተና በፊት በስልክ የምጠይቃት እኔ ነኝ፤ የእጅ አንጓ ስምንት አጥንቶች እንዳሉት የማርኬቲንግ ሠራተኛ ማወቅ ባይኖርበትም አሁን ስማቸውን በቅደም ተከተል እጠራለሁ። ሁሉም ሲያልቅ ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና አለ፤ ከ200 እስከ 800 በሚደርስ ሚዛን 600 ካልመጣ የሥራ ፈቃድ የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለእ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ያወጣው አኃዝ የአንድ ፊዚካል ቴራፒስት መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 101,020 ዶላር ነው ይላል። ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ ማለት ነው፤ ጀማሪ ደግሞ በአብዛኛው ከታች ነው። ዘመድ ይህን ቁጥር በብር አባዝቶ ይደነግጣል። እኔ ግን ቢዝነስ ስማር የገባኝ ነገር ቢኖር ገቢን ከዕዳ ለይቶ ማየት እንደማያዋጣ ነው። 120 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ በአሥር ዓመት ለመክፈል ብትስማሙ፣ በየወሩ 1,393 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ። በአሥር ዓመት 167 ሺህ ይሆናል። ዕዳው 50 ሺህ ቢሆን ኖሮ ወርኃዊው ክፍያ 580 ነበር። ሁለቱም ተመራቂዎች ፈቃዳቸው አንድ ነው፣ የሚያመለክቱትም ለአንድ ዓይነት ሥራ ነው። ለዚህ ነው እህቴን «ስሙ የገነነውን ሳይሆን የምትኖሪበትን ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስቀድሚ» ያልኳት። ለግዛቱ ነዋሪ ዋጋው ብዙ ጊዜ በጣም ይቀንሳል። እውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ስንቱ እንደተመረቀና ስንቱ ፈተናውን እንዳለፈ ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ ሳታዩ አትፈርሙ። ብድርም እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲዘጋ ወስኗል። በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የፌዴራል ብድር ድሮም የለም።

ማንም የማይነግራችሁ ወጪ የክሊኒክ ልምምዱ ነው። ቢያንስ 30 ሳምንት ሙሉ ቀን ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ውስጥ ይሠራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፣ እንዲያውም ለትምህርት ቤቱ የሚከፈልበት ነው። ምደባው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። እህቴ የደረሳት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው፤ የሜሪላንድ ኪራይዋን እየከፈለች ለአሥር ሳምንት ሌላ ክፍል ትከራያለች። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነውና አንድ የሚያስጠጋ ሰው አይጠፋም ብለን ፍለጋ ላይ ነን።

ይህ ሁሉ ለከበደው የረዳትነት ሙያ አለ። ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ ከቴራፒስቱ ሥር ሆኖ ያሠራል፣ መካከለኛ ደመወዙም 65 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ልጆች ላሉት ሰው እኔ ይህን አልንቅም። ብቻ «በኋላ ወደ ዶክትሬቱ አሳድገዋለሁ» ብላችሁ አትግቡ፤ ኮርሶቹ በአብዛኛው አይቆጠሩም። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ተመርቃችሁ የሄዳችሁ ግን ጉዳያችሁ ሌላ ነው። ዲግሪያችሁ ኮርስ በኮርስ ተነጻጽሮ፣ የጎደለው ተሞልቶ ለፈተናው የምትቀመጡበት መንገድ አለ። «ከዜሮ ጀምሩ» የሚላችሁን ወዲያው አትመኑ።

የቤታችን ጉዳይ ደግሞ ይኸው። እህቴ ሥራዋን ከማቆሟ በፊት በየወሩ 300 ዶላር ትልክ ነበር፤ የእናታችን ኪራይና መድኃኒት በእሱ ነው የሚሸፈነው። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ሲደርሱ ይደብቃሉ። እየተማሩ ሌሊት ይሠራሉ፣ ይበደራሉ፣ ብሩን ይልካሉ፣ ፈተናውን ይወድቃሉ። እህቴ ከመመዝገቧ በፊት ሁላችንንም በአንድ የቪዲዮ ስልክ ሰበሰበችን። «ሦስት ዓመት ምንም አልልክም። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለበዓልም» አለች። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ «አንቺስ ትበያለሽ?» አለቻት።

ከዚያ ወረቀት አወጣን። ኪራዩን እኔ ወሰድኩ፣ መድኃኒቱን ታላቅ ወንድሜ፣ የበዓል በጉን የአክስታችን ልጆች በየተራ። ለእህቴ ስልክ ተደውሎ ገንዘብ እንዳይጠየቅ ተስማማን፤ ይህን አንቀጽ ያስገባችው እናቴ ናት። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ የወንድሜ ቀን ሲያልፍ ደውላ የምታስታውሰውም እሷው ናት።