አንድ ማርሽ፣ ስንት ፍሬን?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሴኡል ውስጥ አንድ ታዳጊ ተማሪ በብስክሌት ቁልቁለት ሲወርድ ማቆም አቅቶት ተጋጭቶ ሞተ። ብስክሌቱ በደቡብ ኮሪያ ተማሪዎች ዘንድ ፋሽን ሆኖ የከረመው "ፊክሲ" ነበር፤ ፍሬን አልነበረውም። በቀጣዩ ወር ፖሊስ ፍሬን አልባ ፊክሲዎችን መቆጣጠር እንደሚጀምር አስታወቀ። ልጁ ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ዝም ያለ ወላጅም በሕፃናት ደኅንነት ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ተናገረ። ከዜናው ይልቅ የሚገርመው ሕጉ ነው። የአገሪቱ ሕግ ብስክሌት ምን እንደሆነ ሲተረጉም ፔዳል፣ መሪ እና ፍሬን ያለው ይላል። ፍሬኑ ሲወልቅ ነገሩ ብስክሌት መሆኑ ቀረ፤ ሞተር ስለሌለውም ሞተር ሳይክል አልሆነም። ልጆቹ በዚህ ክፍተት ውስጥ እየነዱ ከረሙ።

ፊክሲ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳቱ ቀላል ነው። በተለመደው ብስክሌት እግር ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጎማው በራሱ ይሽከረከራል። በፊክሲ ግን የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር ተቆላልፎ የታሰረ ነው። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግርም አብሮ ይዞራል፤ ማረፍ የለም። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ፍጥነት ለመቀነስ ነጂው የሚዞረውን ፔዳል በእግሩ ወደ ኋላ ይገታል፤ የለመደው ደግሞ ጎማውን ቆልፎ ያንሸራትተዋል። "እግሬ ፍሬኔ ነው" የሚለው ፉከራ የመጣው ከዚህ ነው።

ፉከራው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ብስክሌቱ የተሠራበት ቦታ ላይ ይሠራልና። ለውድድር በተሠራ ክብ ሜዳ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል፣ እግረኛ አይሻገርም፣ ሚኒባስ ጥግ ይዞ ድንገት አይቆምም። እዚያ ፍሬን ያለው ሰው ቢኖር ከኋላው ላሉት አደጋ የሚሆነው እሱ ነበር። ከ1948 ጀምሮ በጃፓን የሚካሄደው የኬይሪን ውድድርም እስከ ዛሬ ፍሬን በሌለው ብስክሌት ነው። ችግሩ የጀመረው ብስክሌቱ ከሜዳ ወጥቶ ጎዳና ሲገባ፣ ሜዳው ግን አብሮት ሳይመጣ ሲቀር ነው።

በጎዳና ላይ የሚፈርደው ፊዚክስ ነው። ብስክሌት ሲቆም የነጂው ክብደት ወደ ፊት ይሸሻል። የፊት ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል፣ የኋላው ይቀላል። የማቆም አቅም በአብዛኛው ፊት ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በደረቅ አስፋልት ላይ በደህና የፊት ፍሬን በ7 ሜትር ገደማ ይቆማል። በኋላ ጎማ ብቻ ከሆነ ወደ 14 ሜትር ያስፈልገዋል። ይህ ነጂው ነገሩን አይቶ እስኪወስን ድረስ የሚያልፈውን 8 ሜትር ገደማ ሳይጨምር ነው። መንገዱ የ8 በመቶ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ የፊት ፍሬን ያለው በ8 ወይም በ9 ሜትር ሲቆም፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚገታው 20 ሜትር ያልፋል። እግር የቱንም ያህል ቢጠነክር ይህን አይለውጠውም፤ ኃይሉ የሚያርፈው የቀለለው ጎማ ላይ ነው።

ስለ ማርሽ የሚነገረው ሁሉ ከፍሬን ተነጥሎ የሚነገር መሆኑ ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። አንድ ማርሽ ያለው ብስክሌት የሚመዘነው የፊቱ ጥርስ ቁጥር ለኋላው ሲካፈል በሚገኘው ውጤት ነው። ፊት 46፣ ኋላ 16 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፤ በተለመደው ቀጭን ጎማ ወደ 6 ሜትር ይኬዳል። ፊት 42፣ ኋላ 20 ከሆነ 4 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ያስፈነድቃል፣ ዳገት ላይ ያንበረክካል። ሁለተኛው ዳገቱን ያወጣል፣ ሜዳ ላይ ግን እግር ያንቀለቅላል። እስከዚህ ድረስ የጣዕምና የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ማንም የወደደውን ቢመርጥ ማንንም አይጎዳም።

ፊክሲ ሲሆን ግን ማርሹ ራሱ የፍሬን ክፍል ይሆናል። ከባድ ማርሽ በገጠመ ቁጥር እግሩ ጎማውን የመግታት አቅሙ ይቀንሳል። ወደ ፊት ለመግፋት የከበደው ጥርስ ወደ ኋላ ለመግታትም ያንኑ ያህል ይከብዳል። ታዲያ ፋሽኑ የሚወደው የትኛውን ነው? ከባዱን፣ ያለ ፍሬን። ቀላል ማርሽ የገጠመውም አላመለጠም። በ42 በ20 በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እግሩ በደቂቃ 150 ጊዜ መዞር አለበት። በዚያ ፍጥነት እግር ፔዳሉን ይከተላል እንጂ አያዝዘውም። ስለዚህ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ለፊክሲ የሚሆን ትክክለኛ ማርሽ የለም ማለት ይቻላል፤ አንዱን ሲያገኙ ሌላውን ያጣሉ። ማንሸራተት ለሚወዱ አንድ ነገር እንጨምር። 48 በ16 የገጠመ ሰው ጎማው ሁልጊዜ የሚቆለፈው በአንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ያችው ነጥብ ተፍቃ ትበሳለች። ኋላ 17 ቢያደርገው ፍቅፋቂው 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል። የጎማ ወጪን የሚቀንስ ጥሩ ብልሃት ነው፤ የማቆሚያ ርቀትን ግን አንዲት ስንዝር አያሳጥርም።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን ሒሳብ ከጨረሰ ቆይቷል። በ1983 የወጣው ደንብ ብስክሌት እርስ በርስ የማይደጋገፉ ሁለት ማቆሚያዎች እንዲኖሩት ያዛል፤ ለፊክሲ የተቆለፈውን የኋላ ጎማ እንደ አንዱ ይቆጥርለታል፣ የፊቱ ፍሬን ግን የግድ ነው። በየካቲት 2016 ለንደን ኦልድ ስትሪት ላይ የፊት ፍሬን የሌለው ፊክሲ የሚነዳ የ18 ዓመት ወጣት መንገድ የምታቋርጥ የ44 ዓመት የሁለት ልጆች እናት ገጨ። ሴትየዋ በጭንቅላቷ ላይ በደረሰው ጉዳት ሞተች። ወጣቱ ፍርድ ቤት ቆሞ የፊት ፍሬን በሕግ ግዴታ መሆኑን አላውቅም ነበር አለ። ከግድያ ክስ ነፃ ወጣ፤ በ1861 ለፈረስና ለሠረገላ ዘመን በወጣ ሕግ ግን ተፈርዶበት የ18 ወር እስራት ተቀበለ። ፍርዱ አነሰ ወይስ በዛ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። በክርክሩ መሃል የሚዘነጋው ግን እጅግ ተራ ነገር ነው፤ የጎደለው አንድ የፍሬን ገመድ፣ አንድ መጨበጫና ሁለት ቁራጭ ጎማ ነበር።

"የራሴ ሕይወት ነው፣ የራሴ ምርጫ ነው" የሚለው መከራከሪያ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ባዶ መንገድ ላይ አይደለም። ከፊቱ የምትሻገረው ሴት ስለ ማርሹም ስለ ፍሬኑም ማንም አላማከራትም። ሰው ያለ ኮፍያ ቢነዳ በዋናነት የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ያለ ፍሬን ሲነዳ ግን ሒሳቡን ሌላ ሰው እንዲከፍል እየላከ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሀብታም አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። እዚህ ፍሬን አልባ ብስክሌት ፋሽን ሆኖ ሳይሆን ችግር ሆኖ ነው የኖረው። በየከተማው ሰፈር ውስጥ ሳይክል በሰዓት እየተከራየ ያደገ ልጅ ማቆሚያው ምን እንደነበር ያውቃል፦ የጫማው ሶል። የፍሬን ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቷል፣ የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቃል፣ አከራዩም ልጁም ይህን እንደ ተፈጥሮ ተቀብለውታል። ሶሉ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማ ላይ ነው፤ ማለትም ልጁ የሴኡሉ ታዳጊ በእግሩ የሞከረውን በጫማው እየሞከረ ነው። ልዩነቱ አንዱ ፍሬኑን ሆን ብሎ መተዉ፣ ሌላው ፍሬን ያለው አማራጭ አለማግኘቱ ብቻ ነው። ለተገጨው ሰው ይህ ልዩነት ትርጉም የለውም።

ጥያቄውን አሁን አስቸኳይ የሚያደርገው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። መስመሩ ጥሩ ነው፤ ሰው በብስክሌት ወደ ሥራ መሄድን ማሰብ የጀመረበት ዘመን መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከተማዋ ከእንጦጦ ጋራ እስከ አቃቂ ከ900 ሜትር በላይ የምትወርድ ናት። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችል ጎዳናን የወረደ ሰው ፔዳል መርገጥ እንደማያስፈልገው ያውቃል፤ ማቆም ግን ያስፈልገዋል። መስመሩ አጠገብ ደግሞ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ምሽት ላይ ሕፃናት የሚሯሯጡበት ነው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ መብራቱና ስለ ንጣፉ ብዙ ተወርቷል። በላዩ ስለሚሄደው ብስክሌት ፍሬን የተባለ ነገር ቢኖር ጥቂት ነው።

እና አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማርሽ ያለው ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ምን ይግጠም? መፈለጉ ራሱ ስህተት አይደለም። የማርሽ መቀያየሪያ ሲበላሽ የሚተካ ዕቃ ፍለጋ መንከራተት አለ፤ አንድ ማርሽ ርካሽ ነው፣ ለመጠገን ቀላል ነው፣ ብዙ አይሰበርም። በቱር ደ ፍራንስም ቢሆን የማርሽ መቀያየሪያ የተፈቀደው በ1937 ነው፤ ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎች ዳገት ሥር ወርደው የኋላውን ጎማ ገልብጠው በማሰር ነበር ማርሽ የሚለውጡት። ለአዲስ አበባ ከ2 እስከ 2.2 የሚደርስ ምጣኔ ይበቃል፤ 42 በ20 ወይም 40 በ18። ሜዳ ላይ ሌላው ይቀድመዋል፤ ይቅደመው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለሚነዳ ግን ከተማው ለጥ ያለ ነውና 44 በ16 ቢገጥም አይቆጭም። በሁለቱም ቦታ የኋላው ጎማ በነፃ የሚሽከረከረው ዓይነት ይሁን። ፊክሲን የሙጥኝ ያለ ሰው ቢያንስ የኋላው ጥርስ በግራ ዙር የሚጠብቅ የማጥበቂያ ቀለበት እንዳለው ይመልከት። ያለ እሱ በእግር ሲገታ ጥርሱ ራሱን ይፈታል፤ በዚያች ቅጽበት "ፍሬኔ ነው" ያለው እግር ባዶ ይሽከረከራል። ካቴና ሲበጠስ ወይም ሲወልቅም እንደዚያው ነው።

ፍሬኑ ሁለት ነው፤ ፊትና ኋላ፣ እያንዳንዱ በራሱ ገመድ። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን የኋላውን ብቻ ስለሚይዝ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ስለሚግልና ካቴና ሲወልቅ ስለሚጠፋ ብቻውን አይበቃም። ከፍሬኑ ጋር ቸርኬውም ይታይ። በብዙ ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው የፍሬኑን ጎማ ያንሸራትታል፤ የአሉሚኒየሙ በጣም ይሻላል። ክረምቱ እንደ አዲስ አበባ ለሦስት ወር በሚዘንብበት ከተማ ይህ የቅንጦት ምርጫ አይደለም። "የፊት ፍሬን ይገለብጣል" የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው፤ ድንገት አፍኖ ለሚይዝ ሰው ይገለብጣል። መልሱ ግን ፍሬኑን ማውለቅ ሳይሆን ክብደትን ወደ ኋላ ሰብስቦ ቀስ በቀስ መጨበጥ መለማመድ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ይበቃል።

የቀረው የአከራዮቹ ጉዳይ ነው። ሚኒባስ በየዓመቱ ምርመራ ይደረግለታል። ለልጅ በሰዓት የሚከራይ ሳይክልን ግን ያ ሁሉ ወረቀት ቀርቶ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ወይም የወረዳ ባለሙያ በእጁ ሊፈትሸው ይችላል፤ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት ይግፋ። የፊት ጎማው ተቆልፎ የኋላው ከመሬት ከተነሣ ይከራይ። ጎማው ከዞረ ፍሬኑ እስኪሠራ ድረስ ከአከራዩ ደጅ አይውጣ። ወላጅም ገንዘቡን ለልጁ ከመስጠቱ በፊት ይህንኑ ማድረግ ይችላል።