ኮምፒውተሩ ነጠብጣቡን ይቆጥራል፤ ሕመሙን ግን ማን ይናገራል?

የሰውነት መከላከያ የነርቮችን ልባስ ሲያጠቃ የሚከሰተው መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ግምት በዓለም ዙሪያ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዟል። በኤምአርአይ ምስል ላይ የሚታየው እንደ ነጫጭ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቦቹን በመለካትና የዘንድሮውን ምስል ከአምናው ጋር በማነጻጸር ረገድ ኮምፒውተር ከደከመ ዓይን ይሻላል፤ አንዲት አዲስ ነጠብጣብም መድኃኒት እስከ ማስቀየር ልትደርስ ትችላለች።

ይሁን እንጂ ማይግሬን፣ የደም ግፊትና እርጅናም ተመሳሳይ ምልክት በአንጎል ላይ ይተዋሉ። በ2017 የተሻሻለው የማክዶናልድ መስፈርት ከምስሉ ባሻገር ቢያንስ 24 ሰዓት የቆየ የሕመም ክስተትን ይፈልግ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዓይን ብዥታው መቼ ጀመረ? የእግር መደንዘዙስ ስንት ቀን ቆየ? ይህን የሚያውቀው ታማሚው ብቻ ነው። ሕመሙን በባዕድ ቋንቋ ለሚያስረዳ ሠራተኛ ደግሞ ከባዱ የምርመራ ክፍል ይኸው ነው፤ የተሳሳተ ስያሜ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለዓመታት ያስወስዳልና።