ልጄ የጌም ሱሰኛ ሆኗል ከማለታችን በፊት



በተለይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እዚህ ሐዋሳ ልጆቻቸውን ይዘው ከሚመጡ እናቶች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ጌም ሱስ ሆኖበታል፤ እስቲ አንድ በይው!» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እኔ ግን ስንት ሰዓት እንደሚጫወት ከመጠየቄ በፊት፣ ጌሙ ከሕይወቱ ምን እንዳጎደለ መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ።

«ማውንት ኤንድ ብሌድ»ን ለምሳሌ እንውሰድ። አንካራ፣ ቱርክ የሚገኘው ቴልወርልድስ የሠራው ጌም ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ «ባነርሎርድ» የሚባለው ደግሞ ተጠናቆ በ2022 ቀረበ። ተጫዋቹ በፈረስና በጎራዴ ዘመን ከጥቂት ተከታዮች ተነስቶ ጦር ያደራጃል፣ ይነግዳል፣ ምሽግ ይከብባል፣ መንግሥት ያቋቁማል። እንደ ኳስ ጌም 90ኛው ደቂቃ ላይ ፊሽካ አይነፋም። አንዱን ከተማ ሲይዝ ሌላው ይጠብቀዋል። «አንድ ውጊያ ብቻ» ሲል ሌሊት 9 ሰዓት የሚሆነው ልጁ ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ ጌሙ ራሱ ማብቂያ ስለሌለው ነው።

ሱስ የሚባለው ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጌም ጋር የተያያዘውን የጤና ችግር በ11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አካቶታል፤ ምደባው ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦

1. ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣
2. ጌሙን ከሌላው ሁሉ ማስቀደም፣
3. ጉዳቱ እየታየም መቀጠል።

ይህም ትምህርትን፣ ቤተሰብንና ማኅበራዊ ሕይወትን በከባዱ የሚጎዳና ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የዘለቀ መሆን አለበት።

ስለዚህ ቅዳሜ 3 ሰዓት ተጫውቶ፣ በጊዜ ተኝቶ፣ ትምህርቱን የሚከታተልና ከጓደኞቹ ጋር ኳስ የሚጫወት ልጅ በሽተኛ አይደለም። ከሰው የራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ የቀነሰ፣ ትምህርት የጠላ ልጅ ግን ያሳስበኛል። አንዳንዴ ደግሞ ድብርቱ ወይም ጭንቀቱ ቀድሞ የመጣ ነው፤ ጌሙ መደበቂያው ነው። ስልኩን ብንቀማው መደበቂያውን እንጂ ሕመሙን አልወሰድንለትም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• እንቅልፉን እናስከብር። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ማታ ስልኩም ኮምፒውተሩም ከመኝታ ክፍል ይውጡ።

• በውጊያ መሃል ሶኬት አንንቀል። በዚህ ጌም ውጊያ ላይ እያሉ ሴቭ ማድረግ አይቻልም፤ ውጊያው ሲያልቅ ግን ይቻላል። 15 ደቂቃ ቀደም ብለን «ይሄን ጨርስና ሴቭ አድርገህ ና» ብንለው ጠቡ ይቀንሳል። ቃሉን መጠበቅ ደግሞ የእሱ ድርሻ ነው።

• አጠገቡ ቁጭ ብለን እንጠይቀው። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ላይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ የዮዲትም ታሪክ አለበት። የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ እንደሆነ አብሮ ማውራት ከአንድ ሰዓት ቁጣ ይበልጣል።

• በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱ ይንቀሳቀስ። ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግር መሄድ፣ ታቦር ተራራ መውጣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተለወጠ፣ ልጁ ትምህርት ካቆመ ወይም ራሱን ካገለለ ወደ ባለሙያ ይምጣ። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። እዚህ ከተማ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አገልግሎቱን ይሰጣል።

«ሱሰኛ» የሚለው ስም ልጅ ላይ ከተለጠፈ ቶሎ አይለቅም። ከመለጠፋችን በፊት እንጠይቀው፣ እንስማው።

እናንተ ቤት እንዴት ነው? ጻፉልኝ። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት። መልካም ጤና!