የብዙኃኑ ደስታና የልማት ተነሺው ድርሻ

ብዙ ቤተሰብ መጠለያ እንዲያገኝ የጥቂት አርሶ አደሮች መሬት ቢወሰድ ተገቢ ነው የሚለው መከራከሪያ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በኮዬ ፈጬ የእርሻ ማሳ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሲተካ በተግባር ታይቷል። መከራከሪያው ለብዙኃኑ የላቀ ደስታ የሚያስገኝ እርምጃ ትክክል ነው ከሚለው የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጄረሚ ቤንታም አስተምህሮ ጋር የተቀራረበ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ቤንታም ራሱ ተነሺውን ከሒሳብ ውጪ የሚያደርግ ስሌት አልተወም።

እ.ኤ.አ. በ1748 በለንደን ተወልዶ በ1832 ያረፈው ቤንታም፣ በ12 ዓመቱ ኦክስፎርድ ገብቶ ኋላም ሕግ ቢያጠናም፣ በጥብቅና ከመተዳደር ይልቅ ሕጉን ራሱን መመርመርና መተቸት መረጠ። የዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ በአብዛኛው በዳኞች ውሳኔ ክምችት ላይ የቆመ በመሆኑ ተራው ሰው መብቱንና ግዴታውን አስቀድሞ ለማወቅ ይቸገር ስለነበር፣ ሕግ በግልጽ ተጽፎና በሥርዓት ተጠቃሎ ለሕዝብ መድረስ አለበት ሲል ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ። ሕግ የሚመዘነው በሚያስገኘው ደስታና በሚያስከትለው ሥቃይ ነው የሚለውን የጠቃሚነት መርህ፣ ማለትም ዩቲሊታሪያኒዝምን፣ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው አብራርቷል።

ቤንታም ለሕግ አራት ግቦችን ያስቀመጠ ሲሆን፣ እነዚህም መተዳደሪያ፣ ሀብት፣ እኩልነትና ዋስትና ናቸው። ከእነዚህ ልዩ ክብደት የሰጠው ለዋስትና፣ ማለትም ሰው በእጁ ያለው ነገ እንደማይነጠቅ ተማምኖ ኑሮውን ለማቀድ ለሚያስችለው ጥበቃ ነው። ያለን ማጣት የሚያደርሰው ሥቃይ ተመሳሳይ መጠን በማግኘት ከሚገኘው ደስታ እንደሚበልጥም አስተምሯል። በእርጅናው ዘመን 4001 አባላት ባሉት ማኅበረሰብ 2001ዱ 2000ውን ባሪያ ቢያደርጉ የጠቅላላው ደስታ እንደሚቀንስ በምሳሌ አስረድቶ፣ የቁጥር ብልጫ ብቻውን ፍትሕን እንደማይተካ አሳይቷል።

በዚህ መነጽር ሲታይ ኮዬ ፈጬ ሁለት ተስፋዎች የተገናኙበት ስፍራ ነው። በአንድ በኩል በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ቤት ተመዝግቦ ለዓመታት የቆጠበው የከተማ ነዋሪ፣ በሌላ በኩል በማሳው የኖረው አርሶ አደር አሉ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬን ጨምሮ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ መቀስቀሱ፣ ባለዕጣዎቹም ቁልፍ ሳይረከቡ መቆየታቸው፣ የአንዱ ተስፋ በሌላው ላይ ሲገነባ ሁለቱም ዋስትና እንደሚያጡ መስክሯል።

ሕጉ በበኩሉ ጉዳቱን ለመመዘን ሞክሯል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የሚነሳ አርሶ አደር የመፈናቀያ ካሳ፣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይሰላ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ቀደም ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ የተገኘውን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት አባዝቶ፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ ደነገገ፤ ይህም ሥቃይ ሁሉ ይቆጠር ከሚለው የቤንታም ሐሳብ ጋር ይስማማል።

ሆኖም ካሳ ከጉዳቱ በኋላ የሚመጣ መፍትሔ ሲሆን ዋስትና ግን አስቀድሞ የሚታወቅ ሕግና አስቀድሞ የሚደረግ ምክክር ይፈልጋል። ስለዚህ ማንኛውም የቤት ልማት ፕሮጀክት የሚገነቡትን ቤቶች ቁጥር ከማወጁ በፊት፣ የሚነሱትን ቤተሰቦች ቁጥር፣ የሚያጡትንና የሚተካላቸውን በግልጽ ያሳውቅ፤ ይህን ያላካተተ ስሌት የብዙኃን ጥቅም ተብሎ ሊጠራ አይገባም።